ራሴን፣ ሆዴን፣ ወገቤን፦ ሕመምን በእንግሊዝኛ መናገር እንዴት ይለመዳል?

እንግሊዝኛ ብቻ የሚነገርበት ሐኪም ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ የሄድኩት ጉንፋን ይዞኝ ነው። ነርሷ ምን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። ‹‹አይ አም ኮልድ›› አልኳት። ፈገግ ብላ ወጣችና ብርድ ልብስ ይዛ መጣች። አልገባትም ብዬ ‹‹ቬሪ ኮልድ!›› አልኩ። ሁለተኛ ብርድ ልብስ ተጨመረልኝ። እኔ ላብ በላብ ሆኜ እያስነጠስኩ ነው።

ማለት የነበረብኝ ‹‹አይ ሃቭ ኤ ኮልድ›› ነበር። ‹‹አይ አም ኮልድ›› በረደኝ ነው። ‹‹አይ ሃቭ ኤ ኮልድ›› ጉንፋን ይዞኛል ነው። ቃሉንማ አውቀው ነበር። አቀማመጡን ነው ያላወቅኩት።

ብዙ ሰው የሕክምና እንግሊዝኛ ልማር ሲል ረጅም የበሽታ ስም ዝርዝር ያወርድና ከላይ ጀምሮ መሸምደድ ይጀምራል። በሦስተኛው ቀን ይሰለቸዋል። እውነቱን ለመናገር የበሽታውን ስም ማውጣት የሐኪሙ ሥራ ነው። የእናንተ ሥራ የሚሰማችሁን መናገር፣ የሚጠይቃችሁን መረዳት፣ የታዘዘላችሁን በትክክል መውሰድ ነው። ቃላቱንም በዚሁ ቅደም ተከተል ብትይዟቸው ይሻላል።

እንግሊዝኛውን በፊደላችን የምጽፈው ድምፁን እንድትይዙት ብዬ ነው። ደብተራችሁ ላይ ስፔሊንጉን ከመዝገበ ቃላት አይታችሁ አጠገቡ አስፍሩ። አንዳንዱ አጻጻፉና አነባበቡ ፈጽሞ አይገናኝም። እሱን ወደ ኋላ እንመጣበታለን።

ከሁሉ በፊት፦ ለክፉ ቀን የሚሆኑ

እነዚህን ለነገ አታሳድሯቸው። ‹‹አይ ካንት ብሪዝ›› መተንፈስ አቃተኝ ነው። ‹‹ሺ ኢዝ ኖት ብሪዚንግ›› አትተነፍስም። ‹‹ሂ ፓስድ አውት›› ራሱን ሳተ። ‹‹ሂ ኢዝ ቾኪንግ›› የሆነ ነገር አንቆታል። ‹‹ዘ ብሊዲንግ ዎንት ስቶፕ›› ደሙ አልቆም አለ። ‹‹ሺ ኢዝ ሃቪንግ ኤ ሲዠር›› ሰውነቷ እየተንቀጠቀጠ ራሷን ስታለች። ‹‹አይ ሃቭ ቼስት ፔይን›› ደረቴን አሞኛል። ‹‹አይ ኒድ አን አምቡላንስ›› ደግሞ መተርጎም አያስፈልገውም።

የሚደወልበት ቁጥር እንደ አገሩ ይለያያል። አሜሪካና ካናዳ 911፣ ብሪታንያ 999፣ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች 112፣ አውስትራሊያ 000 ነው። ስልኩን የሚያነሳው ሰው ገና ከጅምሩ ከሚጠይቃችሁ ነገሮች አንዱ ያላችሁበት ቦታ ነው። ስለዚህ የቤታችሁን አድራሻ በእንግሊዝኛ፣ ቁጥሩን አንድ በአንድ እየጠራችሁ፣ ሳትደናቀፉ መናገር ተለማመዱ። በድንጋጤ ጊዜ የራስ አድራሻ እንኳን ይጠፋል።

አንድ ዐረፍተ ነገር ልጨምር፦ ‹‹አይ ኒድ አን አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊዝ››። ኢንተርፕሪተር በቃል የሚያስተረጉም ነው። ትራንስሌተር ደግሞ ጽሑፍ የሚተረጉም ነው። ብዙ ሆስፒታሎች በስልክም ቢሆን አስተርጓሚ ያቀርባሉ። እንግሊዝኛ እየተማራችሁ መሆኑ ከባድ ነገር ሲመጣ አስተርጓሚ ከመጠየቅ ሊያግዳችሁ አይገባም። ልጆችን አስተርጓሚ ማድረግ ግን ተዉ። ልጁ ያልገባውን በግምት ይሞላዋል፤ የገባውም ለልጅ የሚከብድ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ዐረፍተ ነገሩ

በአማርኛ ስንታመም አድራጊው ሕመሙ ነው። አመመኝ፣ አዞረኝ፣ አስመለሰኝ፣ አሳከከኝ፣ አቃጠለኝ። እኛ ተቀባይ ሆነን ጫፉ ላይ በ‹‹ኝ›› ብቻ እንታያለን። እንግሊዝኛ ሰውየውን አምጥቶ ፊት ያቆመዋል። ሕመሙ ወይ ንብረቱ ይሆናል፣ ወይ የሚሰማው ነገር። ካልሆነም የአካል ክፍሉ ራሱ ባለቤት ሆኖ ያማል።

ለዚህ አራት ማዕቀፎች ይበቃሉ። የመጀመሪያው ‹‹አይ ሃቭ›› ነው፦ አይ ሃቭ ኤ ሄዴክ፣ ኤ ፊቨር፣ ኤ ኮፍ፣ ኤ ራሽ። ራስ ምታት፣ ትኩሳት፣ ሳል፣ ሽፍታ አለኝ እንደማለት ነው። ሁለተኛው ‹‹አይ ፊል›› ነው፦ አይ ፊል ዲዚ፣ ዊክ፣ ታየርድ። አዞረኝ፣ አቅም አነሰኝ፣ ደከመኝ። ሦስተኛው ‹‹ማይ›› ብሎ አካሉን ይጠራና ‹‹ኸርትስ›› ይላል፦ ማይ ባክ ኸርትስ፣ ማይ ኒ ኸርትስ። አራተኛው ‹‹ኢት ኸርትስ ዌን አይ›› ብሎ ሕመሙን የሚቀሰቅሰውን ያስከትላል፦ ዌን አይ ስዋሎው ስውጥ፣ ዌን አይ ብሪዝ ስተነፍስ፣ ዌን አይ ፒ ስሸና።

አምስተኛም አለች፤ እኔ በጣም ነው የምወዳት። ‹‹አይ ኪፕ›› ትባላለች። ‹‹እየደጋገመ›› የምንለውን በሙሉ ትሸከማለች። ‹‹አይ ኪፕ ኮፊንግ›› ሳሉ አልተወኝም ነው። ‹‹አይ ኪፕ ትሮዊንግ አፕ›› እየደጋገመ ያስመልሰኛል።

ከዚህ ውጪ የምንፈጥራቸው ነገሮች ያስቃሉ። ‹‹አይ አም ፔይን›› ካላችሁ እኔ ሕመም ነኝ ብላችኋል። ‹‹አይ አም ፔይንፉል››ም አያስኬድም፤ ፔይንፉል የሚባለው የሚያመው ቦታ ወይም ቁስሉ ነው። እያመመኝ ነው ለማለት ‹‹አይ አም ኢን ፔይን›› በቂ ነው።

ልምምዱ ቀላል ነው። ባለፈው ስትታመሙ ለቤተሰብ ያላችኋቸውን አሥር ዐረፍተ ነገሮች በአማርኛ ጻፉ። እንደወረደ፣ ሳታሳምሩ። ከዚያ እያንዳንዱን ከማዕቀፎቹ ወደ አንዱ አስገቡት። ቃሉ ከጠፋችሁ ቦታውን ባዶ ተዉትና ማዕቀፉን ብቻ ጻፉ። በኋላ ቃሉን ማግኘት ምንም አይደለም።

ደረጃ 2፦ አካል፤ በተለይ የኛ አንድ ቃል የነሱ ሁለት የሆነበት

አፍንጫ፣ ጆሮ፣ ጉልበት ችግር የለባቸውም። ችግሩ ያለው እጅና እግር ላይ ነው። እጅ ስንል ከጣት እስከ ትከሻ ልናጠቃልል እንችላለን። በእንግሊዝኛ እስከ አንጓ ያለው ሃንድ፣ ከዚያ በላይ አርም ነው። እግርም እንዲሁ ነው፤ ከቁርጭምጭሚት በታች ፉት፣ ከላይ ሌግ። የእጅ ጣት ፊንገር፣ የእግር ጣት ቶ ነው። ‹‹ማይ ሌግ›› ብላችሁ ተረከዛችሁን ካሳያችሁ ሐኪሙ ይረዳችኋል። በስልክ ቀጠሮ ስትይዙ ግን ማሳየት የለም።

ወገብ ሌላው ጣጣ ነው። መዝገበ ቃላት ‹‹ዌስት›› ይላችኋል። ዌስት ግን ቀበቶ የሚታሰርበት ዙሪያ ነው። እኛ ወገቤን ስንል ብዙ ጊዜ የታችኛውን ጀርባ ነው፤ ‹‹ማይ ሎወር ባክ›› በሉ። ኩላሊቴን የሚባለውም አለ። ጎናቸውን ወይም ወገባቸውን ያመማቸው ሰዎች ‹‹ኩላሊቴን›› ይላሉ። ያንን ‹‹ማይ ኪድኒ›› ብላችሁ ከተረጎማችሁ ምርመራውን እናንተ ጨረሳችሁት ማለት ነው። ‹‹ማይ ሳይድ›› ብላችሁ በእጃችሁ አሳዩና ኩላሊት መሆን አለመሆኑን ለሐኪሙ ተዉለት።

ጨጓራ በአማርኛ የአካሉም የበሽታውም ስም ሆኗል። ‹‹ጨጓራ አለብኝ›› እንላለን። ‹‹አይ ሃቭ ስተመክ›› ብትሉ ግን ሐኪሙ እኔም አለኝ ሊል ይችላል። በምርመራ የተነገራችሁ ከሆነ ‹‹ጋስትራይተስ›› በሉ። ያልተነገራችሁ ከሆነ የሚሰማችሁን ብቻ ተናገሩ። ቃር ደግሞ ‹‹ሃርትበርን›› ይባላል። ስሙ ውስጥ ልብ አለ፤ ነገሩ ግን ከልብ ጋር አይገናኝም፣ አሲድ ወደ ላይ መመለሱ ነው።

ስለ ልብ ከተነሳ ‹‹ልቤ ይመታል››ን እንዳትተረጉሙት። ‹‹ማይ ሃርት ኢዝ ቢቲንግ›› ካላችሁ ሰውየው በልቡ እግዜር ይመስገን ነው የሚለው። ከወትሮው በላይ ፈጥኖ ይመታል ለማለት ‹‹ማይ ሃርት ኢዝ ሬሲንግ››፣ በኃይል ይደልቃል ለማለት ‹‹ፓውንዲንግ›› ይባላል።

የአካል ክፍሎችን ለመያዝ ሥዕል ከማየት ይልቅ ገላችሁን ስትታጠቡ ከላይ ወደ ታች መጥራት ይሻላል። ሳሙናው የደረሰበትን ቦታ ስም ጥሩ። ያልመጣላችሁን ስትወጡ ፈልጉት። እኔ ሽን የምትባለዋን፣ የእግር አገዳን ማለቴ ነው፣ የያዝኳት እንደዚያ ነው።

ደረጃ 3፦ ሕመሙ ምን ዓይነት ነው?

ብዙ ጊዜ ብትሰጡት የምመክረው ይህን ክፍል ነው። አብዛኞቻችን ‹‹ፔይን፣ ቬሪ ፔይን›› ብለን እናበቃለን። በአማርኛ ግን ለሕመም ያለን ግስ የትየለሌ ነው። ይወጋኛል ያለ ሰው ይቆርጠኛል ካለው ጋር አንድ እንዳልሆነ ማንም ያውቃል። ያንን ሀብት ይዘን መሻገር ነው ያለብን።

እ.ኤ.አ. በ1975 ሮናልድ ሜልዛክ የተባለ የካናዳ የሥነ ልቦና ሊቅ በማክጊል ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ሕመምን የሚገልጹ 78 ቃላትን በ20 ቡድን ከፋፍሎ መጠይቅ አዘጋጀ። የሕመሙ መጠን ብቻ ሳይሆን ዓይነቱም ለሐኪሙ ይጠቅማል ብሎ ነው። መጠይቁ ዛሬም ይሠራበታል። ከነዚያ ቃላት ብዙዎቹ በአማርኛ አቻ አላቸው።

ይወጋኛል ‹‹ስታቢንግ›› ነው። ያቃጥለኛል ‹‹በርኒንግ››። ይጠዘጥዘኛል ‹‹ትሮቢንግ››፤ ከልብ ምት ጋር እኩል የሚመጣ፣ እንደ ጥርስ ሕመም ያለው። ሆዴን ይቆርጠኛል ‹‹ክራምፒንግ››። ከወገቤ ተነስቶ እስከ እግሬ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝረኛል የሚባለው ‹‹ሹቲንግ›› ነው። አጥንቴን ይቆረጥመኛል ‹‹ኤኪንግ››። ደረቴን ይጫነኛል ‹‹ፕሬሸር››፣ ጭምድድ አድርጎ ያዘኝ ‹‹ስኩዊዚንግ››። ደነዘዘኝ ‹‹ነም››። ይወረኛል ‹‹ቲንግሊንግ››፤ በተራ ንግግር ‹‹ፒንስ ኤንድ ኒድልስ›› ይሉታል፣ ስፒልና መርፌ መሆኑ ነው። ስለታም ያልሆነ፣ ከውስጥ ድክም አድርጎ የሚሰማ ሕመም ‹‹ዳል›› ይባላል። ሲጫኑት ብቻ የሚያም ቦታ ‹‹ቴንደር›› ነው፤ ሐኪሙ ሆዳችሁን እየተጫነ ‹‹ኢዝ ኢት ቴንደር ሂር?›› ይላችኋል።

ደረት ላይ ‹‹በርኒንግ›› ማለትና ‹‹ፕሬሸር›› ማለት የሐኪሙን የመጀመሪያ ግምት ወደተለያየ አቅጣጫ ሊወስደው ይችላል። የተሳሳተውን ቃል ከመምረጥ ሁለቱንም ጠርቶ ‹‹ሞር ላይክ ፕሬሸር››፣ ወደ መጫኑ ያደላል፣ ማለት ይቻላል።

በዚሁ አጋጣሚ፦ ‹‹ኤክ›› የሚለጠፈው ጥቂት ቦታ ላይ ብቻ ነው። ራስ፣ ጥርስ፣ ጆሮ፣ ሆድ፣ ጀርባ። ሌግኤክ፣ አይኤክ የሚባል ነገር የለም። ለሌላው ሁሉ ‹‹ኸርትስ›› ያገልግላችሁ። ጉሮሮ ደግሞ የራሱ አለው፤ ‹‹ኤ ሶር ትሮት››።

ደረጃ 4፦ ሐኪሙ የሚጠይቀውን አስቀድሞ ማወቅ

ይህ ፈተናው ከነጥያቄው እንደመሰጠት ነው። የሕክምና ተማሪዎች ስለ ሕመም ሲጠይቁ እንዳይረሱ የሚያስታውሱበት ዘዴ አላቸው፤ ሶቅራጥስ ይባላል። አዎ፣ ፈላስፋው። የስሙ እያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ፊደል የአንድ ጥያቄ መነሻ ነው። ሐኪሙ ቅደም ተከተሉን ሊያዛባው ይችላል እንጂ ከነዚህ ብዙም አይወጣም።

የት? ‹‹ዌር ዳዝ ኢት ኸርት?›› መቼ ጀመረ? ‹‹ዌን ዲድ ኢት ስታርት?›› ምን ዓይነት ነው? ‹‹ዋት ዳዝ ኢት ፊል ላይክ?›› ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል? ‹‹ዳዝ ኢት ስፕሬድ ኤኒዌር?›› አብሮት ሌላ ነገር አለ? ‹‹ኤኒሲንግ ኤልስ?›› ይመጣል ይሄዳል? ‹‹ዳዝ ኢት ካም ኤንድ ጎ?›› የሚያባብሰው፣ የሚያስታግሰው? ‹‹ዋት ሜክስ ኢት ዎርስ? ዋት ሜክስ ኢት ቤተር?›› መጨረሻ ላይ መጠኑ ነው፤ ከ0 እስከ 10። ዜሮ ምንም ሕመም የለም፣ አሥር ልታስቡት የምትችሉት የመጨረሻው ሕመም።

‹‹መቼ ጀመረ›› ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው ‹‹ከሦስት ቀን ጀምሮ››ን ‹‹ሲንስ ስሪ ዴይስ›› ማለታችን ነው። ትክክሉ ‹‹ፎር ስሪ ዴይስ›› ነው። ‹‹ሲንስ›› የሚመጣው ቀኑ ሲጠራ ነው፤ ‹‹ሲንስ መንዴይ››። ሁለተኛው ሰዓታችን ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የጀመረ ሕመም በእንግሊዝኛ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የጀመረው። ስድስት ሰዓት ቀንሶ ወይ ደምሮ መናገር ጤነኛ ሲኮን ቀላል ነው። ትኩሳት ላይ ሆኖ ግን ይዛባል። ስለዚህ ‹‹ጠዋት››፣ ‹‹ከምሳ በኋላ››፣ ‹‹ሌሊት›› የሚሉትንም በእንግሊዝኛ ያዙ፤ ‹‹ኢን ዘ ሞርኒንግ››፣ ‹‹አፍተር ላንች››፣ ‹‹አት ናይት››።

ሌላው ሐኪሙ ገብቶ ‹‹ሃው አር ዩ?›› ሲል ነው። ተማሪ ቤት የለመድነው ምላስ ሳናስብ ‹‹ፋይን፣ ታንክ ዩ›› ይላል። ደህና ከሆናችሁ ለምን መጣችሁ? እኔ ብዙ ጊዜ ብዬዋለሁ። ‹‹ኖት ሶ ጉድ›› የምትለዋን በቦታው ተኩ።

ይህን ደረጃ ብቻችሁን አትለማመዱት። አንድ ሰው ሐኪም ሆኖ ጥያቄዎቹን ያንብብ፣ እናንተ በሽተኛ ሁኑ። ከዚያ ተቀያየሩ። ሐኪም መሆኑ የበለጠ ያስተምራል፤ ጥያቄውን ከአፋችሁ ያወጣችሁት ሲጠየቅ ቶሎ ይሰማችኋል። ሰው ከሌለ ጥያቄዎቹን በስልካችሁ ቅዱና በየመሃሉ ለመልስ የሚሆን ዝምታ ተዉ።

ደረጃ 5፦ የምታውቋቸው የሚመስሏችሁ ቃላት

አስቸጋሪዎቹ ረጃጅሞቹ የሕክምና ቃላት አይደሉም። እነሱን እንደማናውቅ እናውቃለን። የሚያሳስቱት በሌላ ትርጉም የምናውቃቸው ናቸው።

‹‹ፖዘቲቭ›› ጥሩ ማለት ይመስላል። የምርመራ ውጤት ላይ ግን የተፈለገው ነገር ተገኘ ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ መጥፎ ዜና ነው። ‹‹ኔጋቲቭ›› ነው ብለውት ፊቱ የጠቆረ ሰው አይቻለሁ፤ ነጻ ነህ ነበር ያሉት። ‹‹ስቱል›› ወንበር ብቻ ሳይሆን ሰገራም ነው። ‹‹ስቱል ሳምፕል›› ከተባላችሁ ወንበር አትሳቡ። ‹‹ከልቸር›› ባህል ሳይሆን ተሕዋስያንን ላቦራቶሪ ውስጥ አሳድጎ መመርመር ነው። ‹‹ሂስትሪ›› እስካሁን ያሳለፋችሁት የጤና ታሪክ ነው። ‹‹ዲስቻርጅ›› ሁለት ነው፤ ከሆስፒታል መውጣትም፣ ከቁስል ወይም ከአካል የሚወጣ ፈሳሽም።

‹‹ፓስ አውት›› ራስን መሳት፣ ‹‹ፓስ አዌይ›› መሞት ነው። አንዷ ቃል ብትሳሳት ለቅሶ ይቀመጣል።

‹‹አኪውት›› ከባድ፣ ‹‹ክሮኒክ››ም በጣም ከባድ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ሁለቱም ስለ ጊዜ ነው የሚናገሩት። አኪውት ድንገት የጀመረና አጭር፣ ክሮኒክ ለረጅም ጊዜ የቆየ።

‹‹ሰርጀሪ›› ቀዶ ሕክምና ነው። በብሪታንያ ግን የሠፈሩ ሐኪም የሚሠራበትን ቦታም እንዲሁ ይሉታል። ‹‹ወደ ሰርጀሪው ይምጡ›› የሚል መልእክት ደርሷችሁ ሊቀዱኝ ነው ብላችሁ እንዳትደነግጡ። እንደዚሁ ‹‹አይ ዋዝ ሲክ›› ያለ እንግሊዛዊ ታምሜ ነበር ሳይሆን አስመለሰኝ ማለቱ ሊሆን ይችላል። መርፌን ብሪታንያዎች ‹‹ጃብ››፣ አሜሪካኖች ‹‹ሾት›› ይሉታል።

ትኩሳት ላይ ደግሞ ቁጥሩ ያስደነግጣል። አሜሪካ በፋራናይት ነው የሚለካው። 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በነሱ 98.6 ነው፤ ትኩሳት የሚባለው 38 ደግሞ 100.4። ‹‹ሃንድረድ›› ሲባል የፈላችሁ አይምሰላችሁ።

ከዚህ በተቃራኒ እኛ እንግሊዝኛ ናቸው ብለን የምንጠቀምባቸው ግን ሌላ ሰው የማይረዳቸው አሉ። ‹‹ግሉኮስ ተደረገልኝ›› እንላለን። ግሉኮስ በእንግሊዝኛ ስኳሩ ራሱ ነው፤ በደም ሥር የሚንጠባጠበው ‹‹አይ ቪ›› ወይም ‹‹ድሪፕ›› ነው። ‹‹ካርድ ማውጣት›› ‹‹ሬጂስተር›› ማድረግ ወይም ‹‹ቼክ ኢን›› ነው። ‹‹ራጅ›› ‹‹ኤክስሬይ››፣ ‹‹ጄሶ›› ‹‹ካስት›› ይባላል።

ደረጃ 6፦ ረጃጅሞቹን መበታተን

የበሽታ ስም የግድ ካስፈለጋችሁ በጅምላ አትሸምድዱ። አብዛኞቹ ከግሪክና ከላቲን ቁርጥራጮች የተገጣጠሙ ናቸው። ጫፉ ላይ ‹‹አይተስ›› ካለ መቆጣት ወይም ብግነት ነው። ጋስትር ጨጓራ፣ ሄፓት ጉበት፣ አርትር መገጣጠሚያ፣ ደርማት ቆዳ ናቸው። እንግዲህ ጋስትራይተስን፣ ሄፓታይተስን፣ አርትራይተስን፣ ደርማታይተስን ሳትሸመድዱ አወቃችኋቸው። ‹‹ኤክቶሚ›› ቆርጦ ማውጣት፣ ‹‹ስኮፒ›› በመሣሪያ ገብቶ ማየት ነው። ስለዚህ አፔንዴክቶሚ ትርፍ አንጀትን ማውጣት፣ ኢንዶስኮፒ ወደ ውስጥ ማየት ይሆናል። ‹‹ኢሚያ›› የሚል ጫፍ የደምን ነገር ይነግራል፤ አኒሚያ ደም ማነስ ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚሹት ሁለት መነሻዎች ናቸው፦ ‹‹ሃይፐር›› ከመጠን በላይ፣ ‹‹ሃይፖ›› ከመጠን በታች። ሃይፐርግላይሲሚያ ስኳር ሲበዛ፣ ሃይፖግላይሲሚያ ስኳር ሲወርድ ነው። ጆሮ ላይ ይመሳሰላሉ፤ የሚደረግላቸው ነገር ግን ተቃራኒ ነው። ጥርጣሬ ካላችሁ ሁለቱንም ቃላት ትታችሁ ‹‹ሃይ ሹገር›› ወይም ‹‹ሎው ሹገር›› በሉ። ማንም አያፍርባችሁም።

ደረጃ 7፦ የመድኃኒቱ ወረቀት

ማዘዣው ‹‹ፕሪስክሪፕሽን›› ነው። ያለ ማዘዣ የሚሸጥ መድኃኒት ‹‹ኦቨር ዘ ካውንተር›› ይባላል። ‹‹ትዋይስ ኤ ዴይ›› በቀን ሁለቴ፣ ‹‹ኤቭሪ ኤይት አወርስ›› በየስምንት ሰዓቱ፣ ‹‹ዊዝ ፉድ›› ከምግብ ጋር፣ ‹‹ኦን አን ኤምፕቲ ስተመክ›› በባዶ ሆድ፣ ‹‹አዝ ኒድድ›› ሲያስፈልግ ብቻ። ‹‹ሜይ ኮዝ ድራውዚነስ›› እንቅልፍ እንቅልፍ ሊላችሁ ይችላል፣ ስለዚህ መኪና አትንዱ። ‹‹ፊኒሽ ዘ ኮርስ›› ቢሻላችሁም ጨርሱት።

የመድኃኒት ስም ከአገር አገር ይቀየራል። ፓራሲታሞል የምንለውን አሜሪካኖች አሴታሚኖፌን ይሉታል። ለአስም የሚነፋው ሳልቡታሞል እነሱ ዘንድ አልቡቴሮል ነው። ነገሩ የስም ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አንድ ሰው ፓራሲታሞሉን እየዋጠ አሴታሚኖፌን ያለበት የጉንፋን መድኃኒት ከጨመረ ያንኑ መድኃኒት ሁለት ጊዜ ወሰደ ማለት ነው፤ ሲበዛ ጉበት ይጎዳል። ከማሸጊያው ላይ ‹‹አክቲቭ ኢንግሪዲየንት›› የሚለውን ፈልጉ። ትክክለኛው ስም እዚያ ነው ያለው።

መጠን በስልክ ወይም በአፍ ሲነገራችሁ ‹‹ፊፍቲን›› እና ‹‹ፊፍቲ›› ይምታታሉ። ‹‹ዋን ፋይቭ ኦር ፋይቭ ዚሮ?›› ብላችሁ ጠይቁ። የጤና ባለሙያዎች ራሳቸው እርስ በርስ እንደዚህ ነው የሚያረጋግጡት።

ደረጃ 8፦ አጻጻፉ የሚያታልል

በአንድ ቁጭታ የሚያልቅ ነው። ‹‹ኒ››፣ ጉልበት፣ መጀመሪያው ላይ የማይነበብ ፊደል አለው። ‹‹ሪስት››፣ የእጅ አንጓም እንደዚያው። ኒውሞኒያ በሚባለው የሳምባ ምችና ሳይኪያትሪስት በሚባለው የአእምሮ ሐኪም መጀመሪያ ላይ የተጻፈው ‹‹ፒ›› አይጠራም። ነምና ታም፣ የእጅ አውራ ጣት፣ መጨረሻቸው ላይ የተጻፈው ‹‹ቢ›› ዝም ነው። ‹‹መስል›› ጡንቻ፣ ‹‹ፍሌም›› አክታ፣ ‹‹ዉንድ›› ቁስል፣ ‹‹ኮፍ›› ሳል፤ ከነዚህ አንዱንም ስፔሊንጉን አይታችሁ በትክክል ልታነቡት አትችሉም። ኦንላይን መዝገበ ቃላት ላይ የድምፅ ማጉያ ምልክቷን ተጫኑና ሦስቴ ተከተሉ።

በኛ አፍ ደግሞ ሃርትና ኸርት አንድ ይሆናሉ። ‹‹ማይ ሃርት›› እና ‹‹ማይ ሃንድ ኸርትስ›› ሲቀላቀሉ ሐኪሙ ልብ ነው ብሎ ሊሮጥ ይችላል። ሃርትን አፍ ከፍቶ፣ ኸርትን አፍ ሳይከፍቱ ማለት ነው። ማውዝ፣ አፍ፣ ሲባል ምላስ በጥርስ መሃል ትንሽ ትውጣ። አለዚያ ማውስ ይሆንና አፌን ያላችሁት አይጤን ይሆናል።

ደረጃ 9፦ እንዳይረሳ

አዲስ ቃል በቀን ከአምስት ወይም ከስድስት በላይ አትያዙ። ካርድ ቁረጡ፤ በአንድ ገጽ አማርኛውን፣ በሌላው ሙሉውን የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ጻፉ። ቃሉን ብቻ አትጻፉ። ሰባስቲያን ላይትነር የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1972 ያስተዋወቀው የሳጥን ዘዴ አለ። ያወቃችሁት ካርድ ወደ ቀጣዩ ሳጥን ይሄዳል፣ ያ ሳጥን ዘግየት ብሎ ይከፈታል። የሳታችሁት ወደ መጀመሪያው ይመለሳል፣ እሱ በየቀኑ ይከፈታል። አንኪ የተባለው መተግበሪያ በስልክ ላይ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ እኔ ግን ወረቀት ይሻለኛል።

ለማንበብ ሜድላይንፕላስ የተባለውን የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ሞክሩ። ለተራ ሰው የተጻፈ፣ ቀላል እንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ የተዘጋጁ ጽሑፎችም አሉት፤ ያንኑ ርዕስ በሁለቱም ቋንቋ ጎን ለጎን ማንበብ ይቻላል። ኤንኤችኤስ የሚባለው የብሪታንያ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ድረ ገጽም በሽታዎችን በፊደል ተራ ደርድሮ ያስረዳል። የሚያገባችሁን አንድ ርዕስ ምረጡ፤ የእናታችሁ ደም ግፊት፣ የልጃችሁ አስም፣ የራሳችሁ ማይግሬን። የሚያገባችሁ ነገር አይረሳም።

በመጨረሻ አንድ ገጽ ወረቀት ውሰዱና የራሳችሁን ጤና በእንግሊዝኛ ጻፉ። ስም፣ የትውልድ ቀን በእነሱ አቆጣጠር፣ ‹‹አለርጂስ›› የማይስማማችሁ መድኃኒት ወይም ምግብ፣ ‹‹ሜዲኬሽንስ›› አሁን የምትወስዱት ከነሚሊግራሙ፣ ‹‹ኮንዲሽንስ›› የቆየ በሽታ ካለ፣ ‹‹ሰርጀሪስ›› የተደረገላችሁ ቀዶ ሕክምና ከነዓመቱ፣ ችግር ሲመጣ የሚደወልለት ሰው። ለማይስማማ ነገር የምትሉት ‹‹አይ አም አለርጂክ ቱ›› ነው፤ ይህቺን ዐረፍተ ነገር ሳታነቡ በቃላችሁ ያዙ። ወረቀቷን እንግሊዝኛ የሚችል ሰው አንዴ ይያት። ከዚያ አጥፋችሁ ቦርሳ ውስጥ አስቀምጧት። መድኃኒት በተቀየረ ቁጥር አዲስ ጻፉና አሮጌውን ቅደዱት።